ስለ መብሰልሰል

ሰው ማሰብ ይገባዋል። ሳያስብ የሚዘራ ገበሬ ዘሩን በከንቱ ይበትናል፤ ሳያስብ የሚናገር ሰው ወዳጁን ያስቀይማል፤ ሳያስብ የሚበደር ሰው በመክፈያው ቀን ያፍራል። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን፦ አስብ፤ አስቢ፤ እያሉ ያሳድጋሉ። ነገር ግን እነዚያው አባቶችና እናቶች አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፥ እህል ቀርቦለት ሳይበላ ሲቀር፥ ሌሊትም ከጎን ወደ ጎን ሲገላበጥ ያዩ እንደ ሆነ፦ ምነው፥ ሐሳብ አበዛህ፤ ይሉታል። አስብ የሚለውም ምክር፥ ሐሳብ አታብዛ የሚለውም ምክር ከአንድ አፍ ይወጣል። ልጅም ይህን ሲሰማ፦ የትኛው ሐሳብ ይጠቅማል፤ የትኛውስ ይጎዳል፤ ብሎ ይጠይቃል።

የዚህ ጥያቄ መልስ በቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። አማርኛ ለሐሳብ አንድ ቃል ብቻ ያለው ቋንቋ አይደለም። ማሰብ ይላል፤ ማሰላሰል ይላል፤ መተከዝ ይላል፤ መቆዘም ይላል፤ መብሰልሰል ይላል። እነዚህ ቃላት እንደ አንድ ቤት ልጆች ይመሳሰላሉ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ማሰብ ነው። በግዕዝ ሐሰበ ማለት ቈጠረ፥ ገመተ፥ አሰበ ማለት ነው። ስለዚህ ሒሳብ የሐሳብ ዘመድ ነው፤ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚታወቅበትም የቍጥር ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ይባላል። እንግዲህ ማሰብ በጥንት ትርጓሜው መቍጠር ነው። ቍጥር ደግሞ መጀመሪያ አለው፤ መጨረሻም አለው። አሥር በግ ያለው እረኛ ማታ በጎቹን ይቈጥራል። አሥር ከሆኑ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ዘጠኝ ከሆኑ ግን ዱላውን ይዞ የጠፋችውን ፍለጋ ይሄዳል። ቍጥሩ ወይ ወደ ዕረፍት ወይ ወደ ሥራ ይመራዋል። መልካም ሐሳብ እንዲህ ያለ ነው።

ሁለተኛው ማሰላሰል ነው። ይህም ነገሩን ሳይቸኩሉ እያገላበጡ ማየት ነው። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ተቀምጠው የተጣሉትን ሰዎች ከማስታረቃቸው በፊት የሁለቱን ቃል ያሰላስላሉ። ማሰላሰል ያለ ጸጥታ አይሆንም፤ ፍርድንም ይወልዳል።

ሦስተኛው መተከዝ ነው፤ አራተኛውም መቆዘም። የተከዘ ሰው ልቡ አዝኖ ዝም ይላል። የቆዘመ ሰው ደግሞ ፊቱን አጥቍሮ፥ እጁን አጣጥፎ፥ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ዘመድ የሞተበት ሰው ቢተክዝ ነውር የለበትም፤ ኀዘን ጊዜ አለውና።

አምስተኛው መብሰልሰል ነው። አንባቢ ይህን ቃል ቀስ ብሎ፥ ፊደል በፊደል ያንብበው። ተብሰለሰለ። ሰለ፥ ሰለ ሲል ድምፁ ይደጋገማል። ተንቀጠቀጠ፥ ተርገበገበ፥ ተቅበዘበዘ የሚሉትም ቃላት እንዲህ ድምፃቸው ይደጋገማል፤ የሚናገሩትም ስለሚደጋገም ነገር ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አይነቃነቅም፤ የሚቅበዘበዝም ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ወዲያና ወዲህ አይልም። የሚብሰለሰልም ሰው አንዱን ነገር አንድ ጊዜ አስቦ አይተወውም፤ ጨረስሁት ሲል እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እርሱ ዘጠኙን በግ ሌሊቱን ሙሉ ሲቈጥር የሚያድር፥ ነገር ግን አሥረኛዋን ለመፈለግ ከደጅ የማይወጣ እረኛን ይመስላል።

ደግሞ በዚህ ቃል ውስጥ በሰለ የሚለው ይሰማል። መብሰል መልካም ነገር ነው። ጥሬ ባቄላ ጥርስ ይሰብራል፤ የበሰለ ንፍሮ ግን ያጠግባል። አስተዋይ ሰውም የበሰለ ሰው ይባላል። ይሁን እንጂ ድስቱ ተከድኖ፥ እሳቱም ሳይቀነስ ከእሳት ላይ ቢረሳ ውሃው ያልቃል፤ ባቄላውም ያራል፤ በመጨረሻም ድስቱ ራሱ ይሰነጠቃል። ሐሳብም እንዲሁ ነው። በልክ ቢበስል ሰውን ያሳድጋል፤ ተከድኖ ከእሳት ላይ ቢረሳ ግን አሳቢውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ነው አማርኛ የሚናገር ሰው ስለ ጭንቀት ሲያወራ፦ አንጀቴ አረረ፤ ሆዴ ተቃጠለ፤ የሚለው። ነገሩ ሁሉ የእሳትና የድስት ምሳሌ ነው።

በደቡብ ወሎ ምዕራብ በኩል፥ ምድሩ ወደ ዐባይ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት፥ የቦረና ወረዳ ከተማ መካነ ሰላም ትገኛለች። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የስፍራ ስም ብቻ የሰውን ልብ አያሳርፍም። በሰላም ስፍራም የሚብሰለሰሉ ሰዎች አሉ፤ የሚብሰለሰሉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

በቦረናና በሳይንት ደጋ ገብስና ባቄላ የዘራ ገበሬ እህሉ ከመታጨዱ በፊት ሰማዩን ደጋግሞ ያያል። በረዶ ቢወርድ፥ ወይም ውርጭ ቢመታው የዓመት ድካሙ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። የወሎ ሽማግሌዎችም በ1965ና በ1966 ዓመተ ምሕረት፥ ኋላም በ1977 ዓመተ ምሕረት የሆነውን ረኃብ አልረሱትም። ዝናብ ሲዘገይ የሚብሰለሰለው ገበሬ እንግዲህ ሞኝ አይደለም።

ደግሞ ከደቡብ ወሎ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች ሄደዋል። ከእነርሱም አያሌዎቹ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው የየመንን ምድር በእግራቸው የሚያቋርጡ ናቸው። ልጅዋ ሄዳ ስልክ ያልደወለችላት እናት ቀን ቀን ከሰው ጋራ ትስቃለች፤ ሌሊት ግን ስልኳን ከራስጌዋ አስቀምጣ፦ ደርሳ ይሆን፤ ታማ ይሆን፤ ስትል ታነጋለች።

ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪም እንዲሁ ነው። ስንቁ ከሳምንቱ በፊት ያለቀበት እንደ ሆነ፥ ፈተናውም የቀረበ እንደ ሆነ፥ መጽሐፉን ገልጦ ያንኑ ገጽ አሥር ጊዜ ያነባል፤ አንዱንም አያስታውስም። ዓይኑ ፊደሉን ያያል፤ ልቡ ግን፦ ብወድቅ አባቴ ምን ይለኛል፤ የሸጠው በግስ በከንቱ ሊቀር ነው፤ እያለ ይብሰለሰላል።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ምን ይባላል? ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣቸዋል፤ ሁለቱም ጎደሎ ናቸው።

አንደኛው መልስ፦ ሐሳብ አታብዛ፤ ተወው፤ የሚለው ነው። ይህን የሚናገር ሰው ክፋት የለበትም፤ ምክሩ ግን አይሠራም። ሐሳብ እንደ ኮት ተገፍፎ በችንካር የሚሰቀል ነገር አይደለምና። እንዲያውም አታስብ የተባለ ሰው ያንኑ አታስብ የተባለውን ነገር አብልጦ ያስበዋል። ደግሞም ይህ ምክር በሽተኛውን ጥፋተኛ ያስመስለዋል፤ መተው እየቻለ ያልተወ ሰነፍ ያደርገዋል። በዕዳ የሚብሰለሰልን ሰው አታስብ ማለት በእሾህ የተወጋን ሰው አታነክስ እንደ ማለት ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው እሾሁን የሚነቅልለት ሰው ነው።

ሁለተኛው መልስ፦ ሆድ ይፍጀው፤ የሚለው ነው። የባልንጀራን ምስጢር በሆድ መያዝ ታላቅ ሰውነት ነው፤ ይህን ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን የራስን ጭንቀት ለዘወትር በሆድ መሸሸግ ሌላ ነገር ነው። ፈጀ ማለት ጨረሰ፥ አጠፋ ማለት ነውና፥ ሆድ ይፍጀው የተባለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሆዱን ራሱን ይፈጀዋል። አባቶችም፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ብለዋል። ይህ ምሳሌ ለቍስልና ለሳል ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመብሰልሰልም ይሠራል።

መብሰልሰል የአንድ አገር በሽታ አይደለም። የሌሎችም አገሮች ሰዎች ስም አውጥተውለታል። የጥንት ሮማውያን ሩሚናሬ የሚሉት ቃል ነበራቸው፤ ትርጓሜውም እንደ በሬ ማመስኳት ማለት ነው፤ ከዚያም ነገርን በልብ ደጋግሞ ማሰብ ማለት ሆነ። የዛሬ የአእምሮ ሊቃውንት መብሰልሰልን የሚጠሩት ከዚህ በወጣ ስም ነው። ነገር ግን በሬ ከሚብሰለሰል ሰው ይሻላል፤ የዋጠውን ሣር መልሶ ካላመጠው በኋላ ወደ ሆዱ ይሰደዋል፥ ኀይልም ይሆነዋልና። የሚብሰለሰል ሰው ግን ያላምጣል እንጂ አይውጥም።

ሱዛን ኖለን ሆክሰማ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ይህን ነገር ብዙ ዘመን መረመረች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓመት በካሊፎርንያ ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ። እርስዋም ከመናወጡ ከ14 ቀን በፊት፥ ሲያዝኑ ምን እንደሚያደርጉ ተማሪዎችን ጠይቃ ጽፋ ይዛ ነበር። ከመናወጡ በኋላ ዳግመኛ ብትጠይቃቸው፥ አስቀድሞ የመብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ በኀዘን ተይዘው ተገኙ። ምድሪቱ ሁሉንም አናወጠቻቸው፤ የሚብሰለሰሉት ግን ምድሪቱ ጸጥ ካለች በኋላም በልባቸው መናወጣቸውን አላቆሙም።

በአፍሪካ ደግሞ በዚምባብዌ አገር የሾና ሕዝብ ኩፉንጋ የሚል ቃል አለው፤ ማሰብ ማለት ነው። ቃሉን አስረዝመው ኩፉንጊሲሳ ሲሉት ሐሳብ ማብዛት ማለት ይሆናል። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው፤ አማርኛም ሾናም ሐሳቡ ሲበዛ ቃሉን ያረዝማሉ። ይህ የሾና ቃል በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው የበሽታዎች መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎአል። ስለዚህ ተራ ሰው በጓዳው የሚናገረው ቃል ለሐኪም ትምህርት ሊሆን ይችላል።

በዚያው አገር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። ሥራውን በጀመረበት ዘመን በአገሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። አንዲት ወጣት ታካሚው ወደ ሆስፒታሉ የምትመጣበት የመኪና ገንዘብ አጥታ፥ እርሱም ዘንድ ሳትደርስ ሞተች። ሐኪሙም ይህን ባየ ጊዜ፦ ሕመምተኞች ወደ ሐኪም መምጣት ካልቻሉ እርዳታው ወደ መንደራቸው ይሂድ፤ ብሎ አሰበ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አሮጊቶችን መርጦ አስተማረ። እነርሱም በጤና ጣቢያው ግቢ በዛፍ ሥር በእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የሚብሰለሰሉትን ሰዎች ያነጋግሩ ጀመር። ወንበሩም የወዳጅነት ወንበር ተባለ።

የአሮጊቶቹ ሥራ ሦስት ደረጃ አለው፤ አእምሮን መክፈት፥ ማንሣት፥ ማበርታት ይባላል። በመጀመሪያ ሰውዬው የከበደውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቈጥራል። ቀጥሎ ከተቈጠሩት አንዱን ብቻ ይመርጣል። ከዚያም ለዚያ ለአንዱ በዚህ ሳምንት ምን ሊደረግ እንደሚቻል ከአሮጊትዋ ጋራ ይመክራል፤ በሳምንቱም ተመልሶ ያደረገውን ይናገራል። አሮጊቶቹ አታስብ አይሉም፤ እንዴት እንደሚታሰብ ያሳያሉ እንጂ። የመብሰልሰልን ክብ ቈርጠው ወደ ሒሳብ ይመልሱታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 በታተመ ምርመራ በሐራሬ ባሉ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሕመምተኞች ታዩ። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ከመቶ 50 ያህሉ የኀዘን በሽታ ምልክት ገና ነበረባቸው፤ በወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ይህ ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በወሎ ጎረቤት ጎረቤቱን ለቡና ይጠራል፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪጠጣ ድረስም ብዙ ነገር ሊነገር ይችላል። የእርሻ ሥራ ሲበዛ ጅጌ ይወጣል። ሰው ሲሞት ቅሬው ይሰበሰባል፤ ድንኳኑን ይተክላል፥ ሐዘንተኛውንም ያጽናናል። ወንበሩም፥ አሮጊቱም፥ ቡናውም በየመንደሩ አለ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው በሕይወቱ ሳለ፥ ድስቱ ሳያርር፥ ጠጋ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው። ለሞተ ሰው መንደሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ለሚብሰለሰል ሰው ግን አንድ ሰው እንኳ የማይመጣበት ጊዜ አለ። ቅሬ ለቀብር የሚከፍለውን ያህል ትጋት ጎረቤት ለሚብሰለሰል ሰው ቢከፍል ኖሮ ብዙ ሰው ከሕመም በዳነ ነበር።

ይሁን እንጂ ለሁሉ ሰው ሁሉን መናገር አይገባም። የቡና ወሬ ምስጢርን በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ቆላ ያደርሳልና። የሚብሰለሰል ሰው አንድ የታመነ ሰው ይምረጥ፤ አባት ወይም እናት፥ አያት፥ መምህር፥ ወይም ምስጢር ጠባቂ ጓደኛ ይሁን። ምስጢር የተነገረውም ሰው በአደራ ይጠብቀው። ጓደኛው ያለቀሰበትን ነገር በተማሪ ቤት ግቢ ለመሳቂያ የሚያወራ ልጅ ጓደኛውን ዳግመኛ ወደ ዝምታ ይሰደዋል።

ደግሞም መናገር ዝናብ አያዘንብም፤ በሩቅ አገር ያለችውንም ልጅ በአንድ ቀን አያመጣም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የተናገረ ሰው እንቅልፍ ያገኛል፤ እንቅልፍ ያገኘም ሰው በማግስቱ እጁን ለሥራ ያነሣል። ስንቁ ያለቀበት ተማሪ ቢናገር ከጓደኞቹ አንዱ ቆሎውን ያካፍለዋል፤ ዝም ቢል ግን ረኃቡም ጭንቀቱም ከእርሱ ጋራ ያድራሉ። ስለዚህ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ ይባላል።

መብሰልሰሉ በርትቶ ሁለት ሳምንት ያለፈው እንደ ሆነ፥ ሰውየውም መተኛትና መብላት፥ መሥራትም ያቃተው እንደ ሆነ፥ ይህ ከሐሳብ አልፎ ሕመም ሆኖአልና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአማኑኤልን የአእምሮ ሆስፒታል ስም ለስድብ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ይህ ነውር ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ወደ ሐኪም ቢሄድ ማንም አይስቅበትም፤ ሐሳብ የሰበረውም ሰው እንዲሁ ሊሳቅበት አይገባም።

በመጨረሻ አንባቢ ከዚያው ከማሰብ የወጣ አንድ ሌላ ቃል ይመልከት። ይኸውም ተሳሰበ የሚለው ነው። ትርጓሜው ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው አንዱ ስለ አንዱ አሰቡ ማለት ነው። ሁለተኛው፥ ያላቸውን ሒሳብ በአንድነት ቈጥረው ጨረሱ ማለት ነው። መብሰልሰል የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ መጨረሻም የለውም። መተሳሰብ ግን ያለ ሁለት ሰው አይሆንም፤ ሒሳቡም ያልቃል። ስለዚህ ጎረቤቱ ሲብሰለሰል ያየ ሰው፦ ሐሳብ አታብዛ፤ ብሎ አይለፈው። ከአጠገቡ ይቀመጥ፤ የድስቱንም ክዳን ከእርሱ ጋራ ይክፈት።